ጣርማበር ለፀሐይ ከቀረበ ለምን ይበርዳል? ስለ ከዋክብት ምቹ ቀጠና የሚያስተምር የስልክ ጨዋታና የሰሜን ሸዋ ተማሪዎች

ከደብረ ብርሃን ማለዳ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ልብሱን በየደረጃው ያቀልላል። መናኸሪያው ላይ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው፣ ጣርማበር ዋሻ አጠገብ ጉሙ መስኮቱን ሲያለብሰው ይበልጥ ይኮማተራል፤ ደብረ ሲና ሲደርስ ጋቢው ትከሻው ላይ ይወርዳል፤ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ታጥፎ ጭኑ ላይ ይቀመጣል። አዝመራውም አብሮ ይለዋወጣል፤ ከላይ ገብስና ባቄላ፣ ወረድ ሲል ስንዴና ጤፍ፣ ከታች ማሽላና ማሾ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ከ1,500 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ አየሩም በዚያው ልክ በአማካይ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይሞቃል።

ይህን መንገድ ያነሣሁት ስለ ከዋክብት ለመጻፍ ነው። ደብረ ብርሃን የምትኖር እህቴ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ልጅ አላት፤ በገና ሰሞን ቤታቸው በሰነበትኩበት ጊዜ በእናቱ ስልክ ላይ የጫነውን አንድ ትምህርታዊ ጨዋታ አሳየኝ። ጨዋታው በከዋክብት ዙሪያ ስላለው ለሕይወት ምቹ ቀጠና የሚያስተምር ነው። ተጫዋቹ መጀመሪያ ቀይ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ኮከብ ይመርጣል፤ ቀጥሎ ፕላኔቷን በጣቱ እየጎተተ በኮከቡ ዙሪያ ያስቀምጣታል። ፕላኔቷ አረንጓዴው ቀለበት ውስጥ ስትገባ በሰማያዊ ባሕር ትሞላለች፣ ነጥብም ይቆጠራል፤ ወደ ኮከቡ ከተጠጋች ትቀላለች፣ ከራቀች በበረዶ ትሸፈናለች። ልጁ አራት አምስት ጊዜ ካሸነፈ በኋላ ስልኩን አስቀመጠና፣ «ጋሼ፣ ለእሳቱ የቀረበ ሁሉ የሚሞቅ ከሆነ፣ ጣርማበር ከሸዋ ሮቢት ይልቅ ለፀሐይ ይቀርብ የለም እንዴ? ታዲያ ለምን ይበርዳል?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው የጨዋታውን ትልቁን ጉድለት በአንድ ጊዜ ያወጣው ነው። የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ለልጆቻችን ይጠቅማሉ ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ርቀትን ብቻ ይዘው ከባቢ አየርን ከተዉ የሚያስተምሩት ግማሹን እውነት ነው፤ የቀረውን ግማሽ ደግሞ የሰሜን ሸዋ ልጅ ከደጃፉ ያገኘዋል።

በመጀመሪያ ጨዋታው በትክክል የያዘውን እንይ። የኮከብ ብርሃን በርቀት ይሳሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በአንድ ስፍራ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። ስለዚህ በየትኛውም ኮከብ ዙሪያ፣ ውሃ በፕላኔቷ ገጽ ላይ ሳይተንና በረዶ ሳይሆን ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ የሚችልበት ቀለበት መሳይ ክልል ይኖራል። የኮከቡ ድምቀት አራት እጥፍ ቢሆን ቀለበቱ ሁለት እጥፍ ይርቃል። ከፀሐይ እስከ ምድር ያለውን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት 1 ብለን ብንነሣ፣ ሳይንቲስቱ ጄምስ ካስቲንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ስሌት የፀሐይ ቀጠና ከ0.95 እስከ 1.37 ይዘልቃል፤ ራቪ ኮፓራፑና ባልደረቦቹ በ2013 ስሌቱን ሲያሻሽሉት ከ0.99 እስከ 1.7 ገደማ ሆነ። በዚህኛው ስሌት ምድራችን የቀጠናው ውስጠኛ ጠርዝ አጠገብ ነው የምትገኘው። ልጁ ይህን ስነግረው ዓይኑን አፈጠጠ፤ በጨዋታው ላይ ምድር የምትሣለው ሁልጊዜ በቀለበቱ መሐል ነውና።

አሁን ወደ ጣርማበር እንመለስ። ሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ከ150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም፤ ስለዚህ ጣርማበርም ሸዋ ሮቢትም ከፀሐይ እኩል ርቀት ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። የሙቀቱ ልዩነት የሚመጣው ከአየሩ ነው። የፀሐይ ብርሃን አየሩን አልፎ በአብዛኛው መሬቱን ያሞቃል፣ አየሩ ደግሞ ከመሬቱ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ስለሚቀንስለት ይሰፋል፣ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። ከፍ ባለ ስፍራ አናት ላይ የሚቀረው አየር የሳሳ በመሆኑ መሬቱ ሌሊት የሚተፋውን ሙቀት ይዞ ማቆየት አይሆንለትም፤ በጥቅምትና በኅዳር ጥርት ባለ ሌሊት አመዳይ የደብረ ብርሃንን ባቄላ የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው። የመንዝ ሰው ባናውንና በርኖሱን የሚደርበው ሱፉ ሙቀት ስለሚፈጥር አይደለም፤ ገላው ያመነጨው ሙቀት እንዳያመልጥ ነው። ከባቢ አየር ለፕላኔት እንደዚያው ነው። ምድር ከፀሐይ የምትቀበለውን ብርሃንና ወደ ጠፈር የምትመልሰውን ብቻ ይዘን ብናሰላ አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይሆን ነበር፤ በእውኑ ግን ከዜሮ በላይ 15 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ የ33 ዲግሪ ልዩነት የውሃ ተን፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድና የሌሎቹ ሙቀት አማቂ ጋዞች ሥራ ነው። ያለ እነርሱ፣ በምቹ ቀጠና ውስጥ ሆና እንኳ፣ ምድር የበረዶ ኳስ ትሆን ነበር። ጨረቃም ከፀሐይ የእኛኑ ያህል ትርቃለች፤ በጨዋታው ላይ ብትቀመጥ አረንጓዴው ቀለበት ውስጥ ገብታ ነጥብ ታስገኛለች። ነገር ግን የረባ ከባቢ አየር ስለሌላት ቀን ገጽዋ ከ100 ዲግሪ በላይ ይግላል፣ ሌሊት ደግሞ ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ በእጅጉ ያልፋል።

የቬነስ ነገር ከዚህም ይልቅ ያስደንቃል። ገበሬው ሊነጋ ሲል አይቶ በሬውን የሚያወጣባት አጥቢያ ኮከብ ይህችው ፕላኔት ናት። ከፀሐይ ያላት ርቀት 0.72 ስለሆነ በእኛ ላይ ከሚያርፈው ብርሃን ሁለት እጥፍ ገደማ ያርፍባታል፤ ሆኖም ነጩ ደመናዋ ከብርሃኑ ሦስት አራተኛ ያህሉን ስለሚመልሰው፣ የምትመጥጠው ብርሃን ከምድር ያነሰ ነው። በርቀትና በብርሃን ብቻ ቢሆን ከእኛ ልትቀዘቅዝ በተገባት ነበር። የገጽዋ ሙቀት ግን 464 ዲግሪ ገደማ ነው፣ እርሳስ ያቀልጣል። ከ96 በመቶ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሆነው ከባቢ አየሯ ከምድር 90 እጥፍ በላይ ጫና አለው፤ የባናው ብዛት ነው ያነደዳት። ጨዋታው ቬነስን የሚያቀላት ለፀሐይ ስለቀረበች ብቻ አስመስሎ በመሆኑ፣ ልጁ ከመልሱ ላይ ቢደርስም ምክንያቱን ይስታል። በእርግጥ ርቀቱም ድርሻ አለው፤ ቬነስ ውሃ ኖሯት ከነበረ፣ ከቀረበችው ፀሐይ የተነሣ ውሃው ተንኖ፣ ተኑ ራሱ ሙቀት አማቂ ሆኖ ሌላ ውሃ እያስተነነ፣ ከላይ ደግሞ ብርቱው የፀሐይ ጨረር ተኑን ሰንጥቆ ሃይድሮጅኑን ወደ ጠፈር አሳጥቷታል ተብሎ ይታመናል። የቀጠናው ውስጠኛ ጠርዝ የሚሰላውም ይህ ሒደት ከሚጀምርበት ርቀት ነው።

ማርስ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ናት። ርቀቷ 1.52 በመሆኑ በ2013ቱ ስሌት ከቀጠናው ውስጥ ትገባለች። ነገር ግን አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የአየሯም ጫና ከምድር አንድ መቶኛ አይሞላም። የጫናን ነገር ለልጅ ማስረዳት ከባድ ይመስላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ግን ቀላል ነው። የእህቴ ማጀት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ90 ወይም በ91 ዲግሪ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ በ96 ዲግሪ ገደማ፤ የደጋው ባቄላ ንፍሮ የበለጠ ማገዶ የሚፈጀው ስለዚህ ነው። አየሩ በሳሳ ቁጥር ውሃው ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ በማርስ ላይ የሳሳው አየር ውሃ ከበረዶነቱ ሲወጣ ፈሳሽ ሆኖ እንዲቆይ ፋታ አይሰጠውም ማለት ይቻላል። የልጁ እናት ይህን ስትሰማ፣ «እኔ እኮ ማገዶው እርጥብ ሆኖ ይመስለኝ ነበር» አለች፤ ልጁም ወዲያው ጨዋታው ላይ ጫናን የሚጨምርና የሚቀንስ ቁልፍ መፈለግ ጀመረ። ቁልፉ የለም።

ሊኖር ግን ይችላል። ለጨዋታ ሠሪዎች ከባድ ነገር አይደለም፤ ከርቀቱ ጎን የአየሩን ውፍረትና የጋዙን ዓይነት የሚወስን ሁለተኛ ማንሸራተቻ ቢጨመር፣ ተጫዋቹ ማርስን በካርቦን ዳይኦክሳይድ እያለበሰ ሲያሞቃት፣ ቬነስን ከባናዋ እየገፈፈ ሲያቀዘቅዛት ሁለቱን ምክንያቶች አብሮ ይማራል። ከዚያም አልፎ ጊዜን የሚያስሄድ ቁልፍ ቢኖረው መልካም ነበር። ፀሐይ በወጣትነቷ ከዛሬው ድምቀቷ 70 በመቶ ያህል ብቻ ነበራት፤ በየአንድ ቢሊዮን ዓመቱም 10 በመቶ ገደማ እየደመቀች ትሄዳለች፤ ስለዚህ ቀጠናው ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ምድርም ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ከውስጠኛው ጠርዝ ውጭ ትቀራለች። እስካሁን ውሃዋ ያልጠፋው እንዴት ነው ለሚለው መልስ አንዱ ክፍል ከእግራችን ሥር ነው። ዝናብ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል፣ ድንጋዩን ይሸረሽራል፣ የተሸረሸረው ወደ ባሕር ወርዶ ኖራ ድንጋይ ይሆናል፣ እሳተ ገሞራ ደግሞ ጋዙን መልሶ ወደ አየር ይተፋዋል። ምድር ስትሞቅ መሸርሸሩ ይፈጥንና ጋዙ ይቀንሳል፤ ስትበርድ መሸርሸሩ ይዘገይና ጋዙ ይከማቻል። በዚህ ሥራ ከሁሉ ፈጣኖቹ ባዛልትን የመሰሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ናቸው፤ የሸዋ ደጋ ደግሞ በአብዛኛው በዚህ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ የሥነ ምድር ባለሙያዎችም ከባዛልቱ ንብርብሮች አንዱን የሚጠሩት በጣርማበር ስም ነው። ክረምት በደፈረሰ ቁጥር የጀማ ወንዝ ሸርሽሮ የሚወስደው አፈርና ድንጋይ ገበሬውን ያስመርረዋል፣ ማስመረሩም ተገቢ ነው፤ በዚያው ልክ ግን በሚሊዮን ዓመታት ሲቆጠር የምድርን ሙቀት ከሚያስተካክለው ሥራ ክፍል ነው።

የቀይ ኮከብ ደረጃ ላይ ጨዋታው ይበልጥ ያሳስታል ባይ ነኝ። በጋላክሲያችን ካሉ ከዋክብት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ደብዛዛ ቀይ ድንክ ከዋክብት ስለሆኑ፣ እስካሁን ከተገኙት ውስጥ ብዙዎቹ የምቹ ቀጠና ፕላኔቶች በእነዚህ ዙሪያ ናቸው። ከምድር 40 የብርሃን ዓመት (አንዱ፣ ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ገደማ የሚርቀው ትራፒስት-1 የተባለ ቀይ ድንክ ኮከብ ሰባት ፕላኔቶች እንዳሉት እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሲደረግ ዓለም ሁሉ አወራለት፤ ሰባቱም ምሕዋራቸው ከሜርኩሪ ምሕዋር ውስጥ ተጠቃልሎ ይገባል። የኮከቡ ድምቀት ከፀሐይ ከአንድ ሺህኛ ያነሰ በመሆኑ ቀጠናው ከደጃፉ ነው፤ በቀጠናው ውስጥ ካሉት አንዷ ዓመቷን በ6 ቀን ትጨርሳለች። እንዲህ የተጠጋች ፕላኔት፣ ጨረቃ ለእኛ እንደምታደርገው፣ አንድ ፊቷን ብቻ ለኮከቧ ሰጥታ ልትኖር ትችላለች፤ በአንዱ ጎን ዘላለማዊ ቀን፣ በሌላው ዘላለማዊ ሌሊት ይሆናል ማለት ነው። ቀይ ድንክ ከዋክብት ደግሞ ድንገት እየፈነዱ ብርቱ ጨረር ይረጫሉ፤ የፕላኔታቸውንም አየር ሊገፍፉት ይችላሉ። የጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2023 የትራፒስት-1ን የመጀመሪያዋን ፕላኔት ሙቀት ሲለካ ውጤቱ ወፍራም አየር እንደሌላት የሚያመለክት ሆኖ ተገኘ፤ እርሷ ግን ከቀጠናው ውጭ ያለች ሞቃት ፕላኔት ስለሆነች ስለ ሌሎቹ ገና ፍርድ አይሰጥም። በጨዋታው ላይ ይህ ሁሉ የለም፤ ቀይ ኮከብ፣ አረንጓዴ ቀለበት፣ ሰማያዊ ባሕር፣ ነጥብ።

ስለዚህ ቃሉንም ማስተካከል ያስፈልጋል። «ለሕይወት ምቹ ቀጠና» የሚለው ስያሜ ከሚያረጋግጠው በላይ ተስፋ ይሰጣል፤ ሳይንሱ የሚለው ውሃ በገጽ ላይ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ የሚችልበት ክልል መሆኑን ብቻ ነው። ከቀለበቱ ውጭ መሆንም የሞት ፍርድ አይደለም፤ ከፀሐይ የምድርን አምስት እጥፍ የሚርቀው የጁፒተር ጨረቃ ዩሮፓ ከበረዶ ቅርፊቷ ሥር ባሕር እንዳላት ማስረጃው ጠንካራ ነው። እኔ ብጠየቅ ለተማሪዎቻችን የማቀርበው ቃል ከራሳችን አፍ ነው። በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለን ምድራችንን ከጥንት ጀምረን በቀለበት ከፋፍለናል፤ የኮከብ ወይና ደጋ ብንለው የሚጠፋው ልጅ የለም። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ በእኛ ተራራ ላይ ቀለበቶቹን የሚለየው የአየሩ መሳሳት፣ በኮከብ ዙሪያ ግን መጀመሪያ ርቀቱ፣ ቀጥሎ አየሩ መሆኑን መምህሩ አጥብቆ መናገር አለበት። ምሳሌው የሚጠቅመው የት ላይ እንደሚሰበር ሲነገር ነው።

ቃሉ ተስተካክሎ ጨዋታው በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ደግሞ ምን ዋጋ አለው? የእህቴ ልጅ የጨዋታውን ማብራሪያ አንድ ገጽ እንኳ አላነበበም፤ ቀለሙን እያየ ነው የተጫወተው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ሐሳቡን አስቀድሞ በአማርኛ የያዘ ልጅ ግን እንግሊዝኛውን የሚቀበለው ዕቃው ተቀምጦለት ነው። ሁለተኛው ነገር ግንኙነቱ ነው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተቋርጦ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል፤ በሰላሙም ቀን ቢሆን ወደ መንዝ ገጠር ወጣ ሲባል ኔትወርኩ ኮረብታ ይፈልጋል። በየደረጃው ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘሁ አልከፈትም የሚል ጨዋታ ለእነዚህ ልጆች አልተሠራም። ባትሪ የማይጨርስ፣ በዝቅተኛ ዋጋ ስልክ የሚሠራ፣ ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር ወይም በብሉቱዝ የሚተላለፍ፣ ማስታወቂያ የማይበዛበት ሊሆን ይገባል። ደብረ ብርሃን ላይ ዩኒቨርሲቲ አለን፣ እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የምርምር ማዕከል አለን፤ የኮምፒውተር ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው ይህን ዓይነት ጨዋታ ከፊዚክስ መምህራን ጋር ቢሠሩት ከሁለቱም አቅም በላይ አይሆንም።

ለዚህ ጨዋታ የመጨረሻ ደረጃ የሚሆን ፕላኔትም አለን። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት እ.ኤ.አ. በ2019 ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ያለው ኤችዲ 16175 ነበር፤ ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቱ አቦል ተባሉ። ቡና ከእኛ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ ዛሬ በቴሌስኮፕ የሚታየው ብርሃኑ ተነሥቶ ጉዞ የጀመረው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን በሚያስተዳድሩበት ዘመን ነው። ድምቀቱ ከፀሐይ ሦስት እጥፍ ገደማ ስለሆነ ወይና ደጋው ከ1.7 እስከ 3 አካባቢ ይዘልቃል። አቦል ግን ክብ አይዞርም፤ ምሕዋሩ በጣም የተለጠጠ ነው፤ ሲቀርብ ከ1 በታች፣ ሲርቅ ከ3 በላይ ይደርሳል፤ ይህን ለመዞር ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ክብደቱ ከጁፒተር አራት እጥፍ በላይ የሆነ የጋዝ ግዙፍ በመሆኑ ውሃ የሚተኛበት ገጽ የለውም፤ ዙሪያውን የምትዞር ጨረቃ ብትኖረው ግን በእያንዳንዱ ዙር ቆላውን፣ ወይና ደጋውንና ውርጩን ታያለች።

ለልጁ ይህን ስነግረው ደብተሩን አመጣ። ሁለት ምስማር በካርቶን ላይ ተክለን፣ ክር በላላ አስረን፣ በእርሳስ እየወጠርን የተለጠጠውን ምሕዋር ሣልን፤ ቡናን በአንደኛው ምስማር ቦታ አደረግነው፣ ከዚያ አረንጓዴውን ቀለበት በቀለም ቀባን። ምሕዋሩ ቀለበቱን አራት ቦታ ላይ ቆረጠው፤ ሁለቱ በውስጠኛው ጠርዝ፣ ሁለቱ በውጭኛው። ልጁ አራቱን ነጥቦች ቁጥር ሰጣቸውና በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል የዚያች ጨረቃ በረዶ ስንት ቀን ለመቅለጥ እንደሚያገኝ ለማስላት ሞከረ፤ ፕላኔት ወደ ኮከቡ ሲቀርብ ፍጥነቱ እንደሚጨምር ስነግረው ያሰላውን ሰርዞ እንደገና ጀመረ። ስልኩ አጠገቡ እንደበራ ነበር፤ አቦልን እዚያ ላይ ሊያስቀምጠው ሞክሮ ነበር፣ ጨዋታው ግን ክብ ምሕዋር ብቻ ነው የሚቀበለው።